ስልሳ ወንበር ባላት ክፍል፦ ሐዋሳ ጃዝ የምታዳምጥበት ቦታ ጉዳይ

ሐዋሳ ውስጥ ዓርብ ማታ ሙዚቃ የማይሰማበት መንገድ ማግኘት ያስቸግራል። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በእግሩ የሚወርድ ሰው ከአንዱ ድምፅ ማጉያ ሳይወጣ ሌላው ይቀበለዋል። የባጃጁ፣ የጭማቂ ቤቱ፣ የሆቴሉ በረንዳና የምሽት ክበቡ ዘፈን ተደራርቦ እስከ ፍቅር ሐይቅ ድረስ ይሸኘዋል። ሙዚቃ አልጠፋም። የጠፋው ሰው ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ ድምፃዊቷ ትንፋሽዋን ስትስብ ሳይቀር እየሰማ የሚያዳምጥበት ቤት ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እንዲህ ያለ ቤት ለአንድ ምሽት ተገኝቶ ነበር። አዳራሹ የአንድ እንግዳ ማረፊያ የምድር ቤት ነው፤ በአዘቦቱ ስብሰባ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሠርግና ቀለበት ያስተናግዳል። ስልሳ ወንበር በግማሽ ክብ ተደርድሯል። መድረክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታርና ትንሽ ድራም ተቀምጦበታል። ድምፃዊቷ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹና ቤዝ ተጫዋቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ ድራም መቺው የሐዋሳ ወጣት ነው፤ ምሽቱን ሙሉ በዱላ ሳይሆን በብሩሽ ሲመታ አመሸ። ከፊተኛው ረድፍ እስከ ማይክሮፎኑ ያለው ርቀት ሁለት ሜትር ቢሞላ ነው።

ሦስተኛው ዘፈን ትዝታ ነበር። ድምፃዊቷ ቀስ በቀስ እየቀነሰች መጥታ ቃላቱን እንደ ምስጢር መናገር በጀመረችበት ቅጽበት፣ ከኋላ ባሩ ውስጥ የጭማቂ መፍጫው ተነሣ። አቮካዶ ይፈጫል። ስልሳው ሰው በአንድ ላይ ፊቱን አዞረ። እሷ አልተቆጣችም፣ አልጮኸችበትም። ቃሉን ትታ ዓይኗን ጨፈነች፤ የማሽኑን ድምፅ በጆሮዋ ፈለገችና አፏን ገጥማ በዚያው ከፍታ ላይ ማዜም ጀመረች። ኪቦርዱ ተከተላት፤ ከዚያች አንድ ድምፅ ሥር ኮርዶቹን (በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን) ይቀያይር ገባ። መፍጫው ሲቆም ድምፅዋ አየር ላይ ብቻውን ቀረ፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወርዳ ትዝታውን ካቆመችበት ቃል አነሣችው። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ፤ በዝግታ፣ ለራሳቸው ያህል።

ይህን ያነሣሁት ለወግ ብዬ አይደለም። ጃዝ ዘፋኝነት ምን እንደሆነ፣ ለምን ትንሽ ክፍል እንደሚፈልግ፣ እንደ ሐዋሳ ያሉ ከተሞችም ያ ክፍል ሳይኖራቸው ምን እንደሚያጡ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። በትልቅ ሜዳ ላይ፣ ቀድሞ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ አፍ እያንቀሳቀሰ የሚዘፍን ሰው የጭማቂ መፍጫን ሊመልስለት አይችልም፤ አይሰማውምና።

ብዙ ሰው ጃዝ ሲባል ሳክስፎንና ትራምፔት ይታየዋል። የጃዝ ዘፋኝ መሣሪያ ግን ከጉሮሮዋ ቀጥሎ ማይክሮፎን ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዘፋኝ አዳራሹ መጨረሻ የተቀመጠው ሰው እንዲሰማው ደረቱን ሞልቶ መላክ ነበረበት። በ1925 በኤሌክትሪክ መቅዳት ሲጀመርና ማይክሮፎን ወደ መድረክ ሲወጣ ይህ ግዴታ ቀረ። ዘፋኙ ለአንድ ሰው ጆሮ እንደሚናገር አድርጎ ለመቶ ሰው መዝፈን ቻለ። አፍ ወደ ማይክሮፎን ሲጠጋ ወፍራሙ የድምፅ ክፍል ይጎላል፣ ሲርቅ ይሳሳል፤ ጎበዝ ዘፋኝ በዚህች የአንድ ስንዝር እንቅስቃሴ ትጫወታለች። አሜሪካዊቷ የጃዝ ዘፋኝ ቢሊ ሆሊዴይ ሰፊ ድምፅ አልነበራትም፤ ከአንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ብዙም አያልፍም ነበር። ያላት ሀብት ቃሉን ከምቱ ጥቂት አዘግይታ መጣሏ፣ የአንዲትን ፊደል ድምፅ አጠፍ አድርጋ ሌላዋን ይዛ ማቆየቷ ነበር። ይህ ደግሞ የሚሰማው ቅርብ ለተቀመጠ ሰው ነው።

ሆሊዴይ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ ውስጥ ካፌ ሶሳይቲ በሚባል የምሽት ክበብ ስለ ጥቁሮች በዛፍ መሰቀል የሚናገረውን ዘፈኗን ስታቀርብ የቤቱ ባለቤት ሥርዓት አወጣ። ዘፈኑ የምሽቱ መጨረሻ ይሆናል፤ አስተናጋጆች ማስተናገድ ያቆማሉ፤ መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ፊቷ ላይ አንድ ብርሃን ብቻ ይቀራል፤ ሲያልቅም በጭብጨባ ተመልሳ አትወጣም። ጭማቂ የለም፣ ብርጭቆ አይጋጭም፣ ሒሳብ አይጠየቅም ማለት ነው። ያ ክበብ ነጭና ጥቁር አብረው ከሚቀመጡባቸው ጥቂት የአሜሪካ ክበቦች አንዱ ስለነበር ዝምታው ራሱ ትርጉም ነበረው። እኔን የሚገርመኝ ግን የባለቤቱ ውሳኔ ነው። የመጠጥ ነጋዴ ሆኖ ለአንድ ዘፈን ሲል መጠጡን አቆመ። በዚያው ከተማ በ1935 የተከፈተው ቪሌጅ ቫንጋርድ እስከ ዛሬ በምድር ቤቱ ለ123 ሰው ብቻ የሚበቃ ቦታ ይዞ ይሠራል። በዓለም ስመ ጥር የሆኑ የጃዝ ቅጂዎች እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሠርተዋል። መጠኑ ችግር ሆኖበት አያውቅም፤ ዝናውን የሰጠው መጠኑ ነው።

ወደ ሐዋሳ አዳራሾች ስንመለስ ችግሩ ትንሽ ክፍል ማጣት አይደለም። ከተማዋ የስብሰባና የመዝናኛ ከተማ ናት፤ ሆቴሎችና ማረፊያዎች በየመንገዱ አሉ፤ የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ታኅሣሥና ሐምሌ ላይ ሲደርስ አልጋ ጭራሽ ይጠፋል። ለስልሳ ሰው የሚሆን አዳራሽ የሌለው ሆቴል ጥቂት ነው። ነገር ግን እነዚህ አዳራሾች የተሠሩት ለዓይን ነው። ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ጂፕሰም፣ ግድግዳው ልስን፣ አንዱ ጎን ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አልሙኒየምና መስተዋት። እነዚህ ሁሉ ድምፅን ውጠው አያስቀሩም፤ ይመልሱታል።

ይህ በስሜት ብቻ የሚታወቅ አይደለም፤ በቁጥር ይሰላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዋላስ ሴቢን የተባለ የሃርቫርድ መምህር፣ ንግግር የማይሰማበትን አንድ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘና ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን እያስመጣ፣ ማታ ማታ ድምፅ እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለካ። ያገኘው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል። 12 ሜትር በ9 ሜትር ስፋትና 3.2 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ልስን፣ ሴራሚክና መስተዋት ብቻ የሆነ ባዶ ክፍል እንውሰድ፤ ያመሸንበት አዳራሽም በእርምጃዬ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚህ ቀመር አንድ ጭብጨባ በሚሊዮን እጅ እስኪዳከም ከ5 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ዘፋኟ «ትዝታ» ብትል የመጀመሪያው ፊደል ሳይጠፋ ሌላ ስንኝ ይጨመርበታል። ስልሳ ሰው ሲቀመጥበት ወደ 1.5 ሰከንድ ይወርዳል፤ ልብስና አካል ድምፅን ውጠው ያስቀራሉና። በግድግዳው ላይ 40 ካሬ ሜትር ያህል ወፍራም መጋረጃ በእጥፋት ቢሰቀል ወደ 1 ሰከንድ ይጠጋል። ቃል ለሚናገር ዘፈን የሚፈለገው እዚያ ገደማ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ አዳማጩ የክፍሉ አካል መሆኑ ነው፤ ግማሽ ባዶ የሆነ አዳራሽ ገቢውን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ያጣል። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ የኛ ቤቶች ማስተጋባትን የሚያክሙት ድምፅ በመጨመር መሆኑ ነው። ቃሉ አልሰማ ሲል ማጉያው ከፍ ይደረጋል፤ ያኔ ግድግዳው የበለጠ ይመልሳል፤ ሰው ለመነጋገር ይጮኻል፤ ማጉያው እንደገና ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው ደረጃ የ15 ደቂቃ አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንዳያልፍ ይመክራል። መድኃኒቱ ግን ከማጉያው ሳይሆን ከመርካቶ በሚገዛ መጋረጃ ይጀምራል።

ሐይቁ ዳር ማዘጋጀትስ? ብዙ ሰው ይህን ያነሣል፤ የኮሪደር ልማቱ በየከተማው የእግረኛ መንገድና አረንጓዴ ቦታ ባስፋፋበት በዚህ ወቅት ሐሳቡ ማራኪ ነው። ለባንድና ለጭፈራ ይሆናል። ለሹክሹክታ ግን አይሆንም። ሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ጸጥ ያለ ውሃ ደግሞ የተረፈውን ሳይውጥ እያንጸባረቀ ማዶ ላለው ሰው ይወስደዋል። ዘፋኟ ለጎረቤት ዘፈነች ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። ከዚያ ምሽት በኋላ ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ፣ «ይሄ የኛ አይደለም፤ የኛ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም» አለኝ። የተሳሳተው በአንዱ ግማሽ ነው። በትንሽ ክፍል፣ በቅርብ፣ አድማጩን ዓይን ዓይኑን እያዩ መዝፈን ከኛ በላይ የማን ሊሆን ነው? አዝማሪ ቤት ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? ማሲንቆው ከጉልበትህ አንድ ክንድ ርቆ ይጮኻል፤ አንተ «ተቀበል!» ትላለህ፤ ስንኝ ትሰጣለህ፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስልሃል፤ ሰሙን ለሁሉ፣ ወርቁን ለሚገባው። በቅጽበት መፍጠር ጃዝ ሙዚቀኛ የሚኮራበት ሙያ ከሆነ፣ አዝማሪ የጃዝ መነሻ ከሆነችው ከኒው ኦርሊንስ ማንንም ሳይጠይቅ ሲሠራበት የኖረ ነው።

ወዳጄ የተናገረው እውነት ግን አለ። አዝማሪ ቤት የሚኖረው በምላሽ ነው፤ ዝም ያለ አዝማሪ ቤት ሐዘን ቤት ነው። በዚያ ምሽት አንድ ጎልማሳ ኪቦርዱ ብቻውን በሚጫወትበት መሐል ተነሥቶ መቶ ብር ግንባሯ ላይ ለጠፈ። አንዳንዱ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ አፈረ። እሷ እጅ ነሥታ ብሩን ተቀበለችና ለኪቦርድ ተጫዋቹ ሰጠችው፤ በዚያች ሰዓት ባለተራው እሱ ነበርና። ልክ አደረገች። ሽልማት ስድብ አይደለም፤ ቲኬት ከመምጣቱ በፊት ሙያተኛን ያኖርንበት ሥርዓት ነው። ማስተማር ያለብን ዝምታን ሳይሆን ጊዜን ነው፦ መቼ «እሰይ» እንደሚባል፣ መቼ ትንፋሽ እንደሚያዝ። በአሜሪካ ጃዝ ቤትም ሰው ድንጋይ ሆኖ አይቀመጥም፤ አንዱ ሙዚቀኛ ለብቻው ተጫውቶ ሲጨርስ ያጨበጭባል፣ ጥሩ ነገር ሲሰማ ድምፁን ያሰማል። እኒያ ሽማግሌ ማንም ሳያስተምራቸው ጊዜውን ያውቁት ነበር።

ከዚህ ይልቅ ከባዱ ጥያቄ ዜማው ውስጥ ነው፤ የኢትዮ ጃዝ ዘፋኝ የምትታገለው እሱን ነው። ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ አምስት ድምፅ ይዞ ይሄዳል። ፋ እና ሲ የሉበትም። የምዕራቡ ሙዚቃ፣ ጃዝም ጭምር፣ ውጥረት ፈጥሮ «ወደ ቤት» የሚመለሰው በአብዛኛው በነዚህ በሁለቱ ድምፆች መሳሳብ ነው። ትዝታ ያንን መሳሳብ አያውቅም፤ ስለዚህ ዘፋኙ በየትኛውም ድምፅ ላይ ቆሞ መንሳፈፍ ይችላል። ትዝታ አያልቅም የሚባለው በግጥሙ ብቻ ሳይሆን በቅኝቱም ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከሥሩ ተራ የጃዝ ኮርዶችን ከደረደረ ግን የጎደሉት ፋ እና ሲ በጓሮ በር ይገባሉ፤ ዜማውም ትዝታ መሆኑን ትቶ ሌላ ዘፈን ይሆናል። ሙላቱ አስታጥቄ ከእንግሊዝና ከቦስተን የሙዚቃ ትምህርት በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የደከመበት ጉዳይ ይህ ነው፦ አሥራ ሁለቱን ድምፆች ይዞ መጥቶ አምስቱን አለመስበር። ሌላው ቅኝት አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፤ ውጥረቱ በተፈጥሮው ውስጡ አለ፤ ጃዝ የሚወደውን ጎርባጣ ርቀት ከዶ እስከ ሶል ፍላት ተሸክሞ ይዞራል። ያ ምሽት ላይ ዘፋኟ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ስትሻገር ክፍሉ የቀዘቀዘ መሰለኝ። ሳክስፎኑን ለፉከራና ለሽለላ ያዋለው ጌታቸው መኩሪያም ያሳየን ከራስ ዜማ ተነሥቶ ወደ አዲስ ድምፅ መድረስ እንደሚቻል ነው።

ሐዋሳ እዚህ ላይ ነው የምትገባው። በሰሜንና በመሐል አገር ያደገ ጆሮ አንድ ዜማ፣ አንድ መስመር ለምዷል፤ ብዙ ሰው ቢዘፍን እንኳ ያንኑ ዜማ ነው። በደቡብ ነገሩ ሌላ ነው። የዶርዜ ሰዎች የተለያየ ድምፅ ይዘው፣ አንዱ የሌላውን እየሞላ፣ በአንድ ላይ ይዘፍናሉ፤ ሙዚቃ አጥኚዎች ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሲቀዱትና ሲያጠኑት ኖረዋል። የደራሼ ሰዎች ከቀርከሃ የተሠሩ ዋሽንቶችን ይነፋሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድርሻ ጥቂት ድምፅ በተራው ይጥላል፤ ዜማው ከሰዎቹ መሐል ይወጣል። ሙላቱ በየቃለ መጠይቁ ሳይታክት የሚያነሣው እነሱን ነው፤ የዓለም ሙዚቀኞች እንደ አዲስ ግኝት የያዙትን ቅኝት የደራሼ ሰዎች ቀድመው ይጫወቱት እንደነበር ይናገራል። ሲዳማም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በተመዘገበው ፍቼ ጫምባላላ ላይ በቄጣላ ዘፈን መሪና ተቀባይ ሆኖ አደባባይ ይሞላል።

ሐዋሳ እስከ ቅርብ ዓመታት የነዚህ ሁሉ ሕዝቦች የጋራ መቀመጫ ነበረች፤ ዛሬ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ብትሆንም ልጆቻቸው እዚሁ ይኖራሉ፣ እዚሁ ይማራሉ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን ጨምሩበት፤ በየሳምንቱ ወጣቶች በአራት ድምፅ የሚዘምሩበት፣ ኪቦርድ፣ ቤዝና ድራም የሚለማመዱበት ትልቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እነሱ ጋ ነው። በአሜሪካም እንደ ሣራ ቮን ያሉ ታላላቅ የጃዝ ዘፋኞች የወጡት ከቤተ ክርስቲያን ነበር። ያ በብሩሽ የሚመታ ወጣት የት እንደተማረ ብጠይቀው «መዘምራን ውስጥ» አለኝ። ስለዚህ ጃዝ ለሐዋሳ እንግዳ ነው የሚል ሰው የከተማዋን ጆሮ አላዳመጠም። ብዙ ድምፅን በአንድ ጊዜ መስማት የለመደ ሰው ከማንም በላይ እዚህ አለ።

ታዲያ ክፍሉ ለምን ጠፋ? አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የክበብና የባንድ ከተማ ነበረች። ዐምሃ እሸቴ ሸክላ ያሳትም ነበር፤ አሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 መጥቶ ከኛ ሙዚቀኞች ጋር ተጫውቷል። ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ። ማታ ማታ ከቤት መውጣት በተከለከለባቸው የደርግ ዓመታት ባንድ ይዞ መቆየት የቻሉት ትልልቅ ሆቴሎች ነበሩ፤ ትንንሽ ቤቶች ሞቱ። ካሴት ሙዚቃን ከክፍል አውጥቶ ወደ ቴፕ አስገባ። ሰዓት እላፊው ሲነሣ ደግሞ ኪቦርድ ብቻውን ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ የትንፋሽ መሣሪያውንም ተክቶ ጠበቀን። ለአንድ ሰው ከፍሎ አምስት ሰው ማግኘት ለባለ ሆቴል መልካም ዋጋ ነው። ሆኖም ቀድሞ የተቀዳ ምት አያዳምጥም፤ ዘፋኟ ብትዘገይ አይጠብቃትም፣ መፍጫ ቢነሣ አይከተላትም።

በአዲስ አበባም የተረፉት ቤቶች ዕድላቸው አልቀናም። በጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ቤት ጃዝአምባ እ.ኤ.አ. በ2015 በእሳት ጠፋ። የካዛንቺሱ አዝማሪ ቤት ፈንድቃም ሰፈሩ ሲፈርስ ለዓመታት የኖረበትን ግቢ አጣ። ሁለቱም ቤቶች የብዙ ወጣት ሙዚቀኞች መለማመጃ ነበሩ። ዋና ከተማዋ ቤት በምታጣበት ጊዜ ክልል ከተሞች ተቀባይ መሆን ይችሉ ነበር፤ አልሆኑም።

ገንዘቡን ሳላነሣ ብቀር ሐቀኛ አልሆንም። ለስሌት ያህል 60 ወንበር በ400 ብር ቢሸጥ 24,000 ብር ይገባል። ከዚህ ላይ አራት ሙዚቀኞች፣ የ275 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደርሶ መልስ፣ መኝታ፣ ምግብና የድምፅ መሣሪያ ኪራይ ሲነሣ ለዘፋኟ የሚተርፈው ከድካሟ ጋር አይመዛዘንም። ምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ባውሞልና ቦወን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ዓይነቱን ችግር ገልጸውታል፦ ፋብሪካ በየዓመቱ በአነስተኛ ሰው ብዙ ዕቃ ይሠራል፤ አራት ሰው የሚጫወተው ሙዚቃ ግን ዛሬም አራት ሰውና ያንኑ ያህል ደቂቃ ይፈልጋል። የሌላው ሁሉ ደመወዝ ሲያድግ የሙዚቀኛውም ማደግ አለበት፤ የምሽቱ ፍሬ ግን አይበዛም። ስለዚህ ትንሽ ኮንሰርት በቲኬት ብቻ ይኖራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

የሚኖረው በመደጋገም ነው። አንድ ዘፋኝ ለአንድ ምሽት ከመጣች መንገዱ ገቢውን ይበላዋል። ዓርብ በአንድ ማረፊያ፣ ቅዳሜ በሌላው ከዘፈነች፣ በመሐሉ ከሰዓት ለከተማዋ ወጣቶች ሙያዋን ካሳየች ግን ያው መንገድ ለሦስት ሥራ ይከፈላል። ቤዝና ድራም መቺ ሐዋሳ ውስጥ ካለ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ይቀንሳል። ባለ ሆቴሉም ኪራይ ከማስከፈል ይልቅ ከእራቱ ገቢ ድርሻ ቢሰጥ ሁለቱም ወገን ለክፍሉ መሙላት ይጨነቃል። የዐቢይ ጾም ሲመጣ ዳንኪራ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፤ ተቀምጦ የሚደመጥ ሙዚቃ ግን ያን ጊዜ ቦታ ሊያገኝ ይችል ይሆናል፤ ይህን ሙዚቀኞችና ምእመናን ራሳቸው ይፍረዱት።

ስለ ስልክም አንድ ነገር ልበል። በዚያ ምሽት ከስልሳው ሰው ብዙው ትዝታውን በስልክ ማያ ውስጥ አየው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጫዋች ያልተቀዳ ትርዒቱን ሌላ ሰው እንዳይቀዳበት የመከልከል መብት ይሰጠዋል። ሕጉን ማንሣቴ ሰው ለማስፈራራት አይደለም። በቅጽበት የምትፈጥር ዘፋኝ የመሳሳት ነፃነት ስለሚያስፈልጋት ነው። ነገ በማኅበራዊ ሚዲያ እንደሚወጣ ካወቀች የመፍጫውን ድምፅ ለመከተል አትደፍርም፤ የሸመደደችውን ትዘፍናለች። ድምፃዊቷ በመጀመሪያው ዘፈን ስልክ እንዲነሣ ፈቅዳ ከዚያ በኋላ እንዲቀመጥ በትሕትና ብትጠይቅ የሚቀየም ሐዋሳዊ ያለ አይመስለኝም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አበቃ። ሙዚቀኞቹ ገመድ ይጠቀልሉ ነበር፤ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድምፃዊቷን ጥግ ላይ ይዛ አንቺሆዬን እንድታዜምላት ትጠይቃለች፤ እሷም ጫማዋን አውልቃ፣ ማይክሮፎን ሳትይዝ፣ እንደገና ታዜምላታለች። የማረፊያው ባለቤት መስተዋቱ ጎን ቆመዋል። ስለ መጋረጃው ነግሬያቸው ስለነበር ግድግዳውን በእርምጃ ይለካሉ፤ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ዞረው «አርባ ካሬ ነው ያልከኝ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ ወደ ባሩ አንገታቸውን አስግገው መፍጫውን የያዘውን ልጅ ጠሩት፤ የሚቀጥለው ወር ምሽት ላይ ማሽኑ ወደ ጓሮው ኩሽና እንዲዛወር ነገሩት።